አርባ አምስት፣ በማንኛውም ጊዜና ቦታ

በካዛንቺስ ከሆቴል ሆቴል ለምትሮጡ፣ በኦሎምፒያ ለታክሲ ለምትጋፉ፣ በቡልጋሪያ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ፣ ባጠቃላይ በጎማ ላይ ተንጠልጥላችሁ ለምትኖሩ ሁሉ! አቶ ተከስተ ገብረጻድቃን የተባለ፣ ቁመቱ ከመኪናው መስኮት ትንሽ ከፍ የሚል፣ ግራ ጉልበቱን ብርድ የሚያመው፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሾፌር፣ የሰፊውን ሕዝብ አየር ከአራት ጎማ ሲመዘብር ሁለት ጊዜ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ሦስተኛ ጊዜ ቢደግም ከመሪው ላይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይመደባል። አየር ለዘላለም ይኑር! አየር አጉዳዮች ይውደሙ!

እርግጥ ነው፣ አዋጁ ነጋሪት አልተጎሰመለትም። በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ ለአምስት ክፍል ግልባጭ ተደርጎ፣ ካዛንቺስ ባለው የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ተሰቀለ። «አየር መመዝበር» የሚለውም ቃል በቃል የለበትም። ያለው «የጽሕፈት ቤቱን ጎማ አየር ያለ አግባብ በማጓደል» ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ካለ ለተከስተ ያስረዳው። እሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበውና «ዋይ ኣነ» አለ በእናቱ ቋንቋ።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በቆላ አገር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት ነው። ቢሮው ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ጣሪያው የዛገ ቪላ ነው። አምስት መኪና አለው። ከአምስቱ አራተኛዋ፣ ነጯ ላንድክሩዘር፣ የተከስተ ናት። የሱ አይደለችም እርግጥ፤ የሱ የሚባል ነገር ቡልጋሪያ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አልጋና ቴሌቪዥን ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ነድቷታል። በዓል ሲመጣ ሚስቱ ፀሐይቱ «ለመኪናህም ልብስ እንግዛላት?» እያለች ትስቅበታለች። ከዚህች መኪና ላይ መነሳት ለተከስተ ከሥራ መባረር አይደለም፤ የባሰ ነው።

አሁን ስለ አየሩ። ተከስተ መንዳት የተማረው በአሰብ መንገድ ነው፣ ያኔ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና። ያስተማረው ዘርአይ የሚባል ጥርሱ በሲጋራ የጠቆረ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን አሸዋ ላይ ሲደርሱ ዘርአይ መኪናውን አቁሞ ወረደና ከየጎማው አየር ማስተንፈስ ጀመረ። ተከስተ ሽማግሌው ያበደ መስሎት ነበር።

«ጎማ ለምን ክብ ሆነ?» አለው ዘርአይ።

«ለመሽከርከር ነዋ።»

«እሱ አስፋልት ላይ ነው። እዚህ ጎማ እግር ነው። ያችን ግመል እያት። እግሯን ስታሳርፈው እንዴት እንደሚዘረጋ አየህ? ያችኛዋን ፍየል እያት፤ ሰኮናዋ ይወጋል። አሁን ንገረኝ፣ አሸዋ ላይ ግመል ሆነህ ነው ፍየል ሆነህ የምትሄደው?»

ሳይንሱ ይኸው ነው። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ ይዘረጋል፣ አሸዋውን ሳይቆፍር ላዩ ላይ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ሲወጡ መልሶ መንፋት ነው፤ የላላ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ከሄደ ግሎ ይፈነዳልና። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ይህን አለማወቅ ግን ሥልጠና ይፈልጋል።

ሥልጠናውን የወሰደው የስምሪትና ንብረት ኃላፊው አቶ ለታ ነው። ለታ ዕድሜው አርባ ያልሞላ፣ ከረባቱን ቅዳሜም የማይፈታ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ሰው ነው። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ እየጠጣ ስለ ተሽከርካሪ ንብረት አያያዝ ተማረና ሰርተፊኬት፣ ቦርሳና አንድ እውቀት ይዞ ተመለሰ። እውቀቱም፦ አየሩ ያነሰ ጎማ ቶሎ ያልቃል። ውሸት አይደለም። አስፋልት ላይ እውነት ነው። የለታ ችግር አንድ እውነት ተምሮ አገሩን በሙሉ አስፋልት ማድረጉ ነው።

በሳምንቱ ሰርኩላር ወጣ። «የጽሕፈት ቤቱ ተሽከርካሪዎች የጎማ አየር በማንኛውም ጊዜና ቦታ አርባ አምስት ሆኖ መገኘት አለበት።» በማንኛውም ጊዜና ቦታ! የአፋርን በረሃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደመሰሰው። ቁጥጥሩም ተዘረጋ፦ መኪና ሲወጣ በር ላይ ይለካል፤ ከመስክ ሲገባ አድሮ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይለካል። ከአርባ አምስት ያነሰ ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስት ማስጠንቀቂያ ከመሪ ያስነሳል። መለኪያው ለበር ጠባቂው ለገበያው በፊርማ ተሰጠ። ገበያው የድሮ ወታደር ነው፤ መለኪያውን በገመድ አሥሮ እንደ ሜዳልያ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

አሸዋ ላይ የተነፈሰውን አየር መልሶ ለመንፋት ታስቦ ደግሞ ከባትሪ ጋር የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ተገዝቷል። የት አለ? መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶኑ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ። ቋሚ ንብረት ነዋ! ቋሚ ንብረት ከግቢ የሚወጣው በቅጽ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ገና አልታተመም። ቋሚ የተባለው እንዳይንቀሳቀስ ነው መሰለኝ።

ታዲያ ሌሎቹ ሾፌሮች እንዴት ይኖራሉ? በጥበብ። የሁለተኛዋ መኪና ሾፌር መገርሳ አሸዋ ላይ አየር አይቀንስም። ገብቶ ይቀረቀራል። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ቀን ሙሉ ተቀርቅሮ ከብት ጠባቂ፣ ፖሊስና ጨው ነጋዴ ሳይቀር ተሰብስቦ በአካፋ አወጣው። ሲመለስ፣ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ቡልጋሪያ ጎራ ይልና ጎሚስታው ሃፍቶም ዘንድ አራቱን ጎማ ድንጋይ እስኪሆኑ ያስነፋል። ጠዋት ገበያው ሲለካ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት። መገርሳ «በንብረት አያያዝ አርአያ» ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። መቀርቀር በሰርኩላሩ አልተከለከለማ!

ተከስተ ቤቱ ከሃፍቶም ጎሚስታ መቶ እርምጃ አይርቅም። ሃፍቶም በየጊዜው ይለምነዋል። «ጋሽ ተኬ፣ በናትህ፣ ሁለት ደቂቃ ናት። ጢም ላርጋትና ግባ።»

«የሠራሁትን እንደ ሌባ አልሸፍንም» ይላል ተከስተ።

«ማን ሌባ አለህ? አየር ነው እኮ!»

«እኔም የምለው እሱን ነው። አየር ነው።»

ይህ ግትርነት የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አመጣለት፤ ጠዋት ሲለካ አርባ ተገኘበት። ሁለተኛውን ደግሞ ራሱ ጻፈው ማለት ይቻላል። በጉዞ ሪፖርቱ ላይ «አሸዋው ላይ አየሩን ወደ አሥራ ስምንት ቀንሼ ሳልቀረቀር አለፍኩ» ብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አሰፈረ። ምስጋና ጠብቆ ነበር፣ የዋህ! በድሮው ዘመን ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ቢያንስ ይጨበጨብለት ነበር። የተከስተ ግለ ሂስ በቀጥታ ሰሌዳ ላይ ተሰቀለ።

በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሦስተኛው ጉዞ መጣ። አፋር ውስጥ፣ ከሰርዶ አልፎ፣ ወደ አፍዴራ በሚወስደው በኩል፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ሊመረቅ ነው። ምርቃቱ ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሹማምንት ይጠብቃሉ። ጽሕፈት ቤቱን ወክሎ ንግግር የሚያደርገው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ለታ። መኪናዋ አራተኛዋ፣ ሾፌሩ ተከስተ። ሦስተኛ ተሳፋሪ ሲምረት ናት፤ ጉድጓዱን ያጠናችው ወጣት የውሃ ባለሙያ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ገበያው ተንበርክኮ ለካ። «አርባ አምስት… አርባ አምስት… ተኬ፣ ዛሬ እንኳን አድባርህ ቀንታሃለች። ኃላፊህን ይዘህ ነው የምትወጣው፤ ምስክር አለህ ማለት ነው።»

«ምስክር!» አለ ተከስተ። «ይሁና።»

ለታ ገቢና ተቀምጦ ሌላ መለኪያ ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። «የራሴ ነው» አለ። «እንግዲህ ጋሽ ተከስተ፣ በዚህ ጉዞ አየር የምትባል ነገር እንዳይነኩብኝ። ሦስተኛውን ወረቀት በእጄ መፈረም አልፈልግም። ለርስዎ ብዬ ነው።»

አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ሰመራ አድረው ረቡዕ በማለዳ ተነሱ። ሰርዶን አለፉ፣ ከአስፋልቱ ወረዱ፣ ጠጠሩ አለቀ፣ አሸዋው ጀመረ። ተከስተ ጠርዙ ላይ መኪናዋን አቆመ።

«ምነው?» አለ ለታ።

«አቶ ለታ፣ እዚህ ጋ ነው የሚቀነሰው። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

«ተነጋግረናል።»

«ይህ ድፍን ሦስት ኪሎ ሜትር አሸዋ ነው።»

«ሰርኩላሩ ምን ይላል?»

«ሰርኩላሩ አሸዋ አይቶ አያውቅም።»

«ንዳ!» አለ ለታ። «እርስዎ» የሚለው አጠራር በዚያች ቅጽበት ከመኪናው ወረደ።

ተከስተ ነዳ። መሪው እንደከበደው፣ ሞተሩ እንዳቃሰተ፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሄዱ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ መቆፈር ጀመሩ። ነዳጅ ቢሰጥ የሚበዛው ጉድጓድ ነው። ሞተሩን አጠፋና እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

«ምን ሆነ?»

«ቆምን።»

«ለምን?»

«አርባ አምስት ስለሆንን።»

ሲምረት ከኋላ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ለታ የሚያፍነው ሳቅ አልነበረውም፤ ወረደና «እንገፋለን!» አለ። ገፉ። ለታ በጥቁር ጫማው፣ ሲምረት በሸራ ጫማዋ። ጎማው አሸዋ ረጨባቸው እንጂ ንቅንቅ አላለም። በእጅ ቆፈሩ። ድንጋይ ፈልገው ከጎማው ሥር አስገቡ፤ ድንጋዩ ሰመጠ። የፊት መቀመጫውን ምንጣፍ አነጠፉ፤ ምንጣፉ እንደ ምላስ ተስቦ ገባ። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሆነ። ፀሐይዋ ገና ጠዋት ነው ብላ አላዘነችም፤ የለታ ከረባት በላብ ተጣብቆ ሌላ ቆዳ መሰለ። ሦስት ሊትር ውሃ ነበራቸው፣ ሁለቱ አለቀ። የሚገርመው ውሃ ሊመርቁ ነው የሚሄዱት።

«በቃ» አለች ሲምረት። «አቶ ለታ፣ አየሩ ይቀነስ። ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።»

ለታ ወደ ተከስተ ዞረና በዓይኑ ጎማውን አመለከተው። በዓይን! እጁን እንኳ አላነሳም።

ተከስተ አልተንቀሳቀሰም። «ይጻፉልኝ።»

«ምኑን?»

«‹አየር ቀንስ› ብለው ይጻፉልኝና ይፈርሙ። ሁለት ወረቀት አለብኝ። ሦስተኛው ከመሪ ያስነሳኛል። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«ብጽፍልህስ ምን ዋጋ አለው? ሰርኩላር የሚሻረው በሰርኩላር ነው። ማኅተም ይፈልጋል።»

«ማኅተሙ የት ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«መሳቢያው?»

«ካዛንቺስ ነዋ ጋሽ ተከስተ! የት ሊሆን ነው!»

«ሰርኩላሩን የጻፈው ማነው?» አለች ሲምረት።

«እኔ።»

«ታዲያ እርስዎው ይሻሩት።»

«እኔ የጻፍኩት እንደ ለታ አይደለም፤ እንደ ኃላፊ ነው።»

«አሁን እንደ ምንድን ነው ያሉት?»

ለታ ግራ ቀኙን አየ። ዙሪያው አሸዋ ነው። «አሁን… ማለቴ፣ አሁን መስክ ላይ ነኝ።»

እነሆ የአገራችን አስተዳደር በአንድ ዓረፍተ ነገር! ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በማንኛውም ጊዜና ቦታ ያዛል፤ ከወንበሩ ሲነሳ ለአንድ ጎማ የሚበቃ ሥልጣን የለውም። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወዲያ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈች ክብ ላስቲክ አሸዋ ላይ የቆሙ ሦስት ሰዎች ላይ ትፈርዳለች።

ለታ ዘዴ መጣለት። ሃምሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንድ ቁጥቋጦ አለ። ሱሪውን አራግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ ትንሽ ልናፈስ» አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «እዚያ ሆኜ እዚህ የሚደረገውን አላይም። ካላየሁ ደግሞ አላየሁም። ገባህ ጋሽ ተከስተ?»

«ገብቶኛል» አለ ተከስተ። «ለዚህ ነው የማልነካው።»

ለታ ሄዶ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተቀመጠ። ቁጥቋጦው ትንሽ ነው፤ ከረባቱ በግልጽ ይታያል።

ተከስተ ክንዱን አጣምሮ መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። ሲምረት ግን መታገሥ አቃታት። እስክሪብቶዋን አወጣች፣ የፊት ግራ ጎማው ጋ ተንበረከከች፣ የቫልቩን ክዳን ፈታችና ጫፏን ወጋችው። ሽ—ሽ—ሽ። አየሩ ወጣ። እሷም ደስ አላት፣ እጇን አላነሳችም። ጎማው ለሰለሰ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ።

ተከስተ ፊቱን አዞረ። አየርን ሳያይ ሊያሳልፍ ሞከረ። ጆሮውን ግን ማዞር አልቻለም። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ በልቡ ይቆጥር ነበር፦ ሠላሳ… ሃያ አምስት… ሃያ… አሥራ ስምንት። በቃ፣ አሁን አንሺ። አላነሳችም። አሥራ አምስት… አሥር…

«ተይ! ተይ አንቺ ልጅ! ቸርኬው ጎማውን ሊበላው ነው! ከቦታው ይወጣል!»

ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የያዘ ሰው ነው። ወረቀት ሊቀጣው ይችላል፤ ሲበላሽ ቆሞ ማየት ግን አይችልም። ተንበርክኮ እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቃት። ጉልበቱ ተንቋቋ። ምን እያደረገ እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ «መሪዬ ሄደች» እያለ ነበር ወደ ሁለተኛው ጎማ የተሻገረው። «እዪ፣ እንዲህ ነው። ሆዱ ወጣ ሲል ታቆሚያለሽ። ይቺን ያየሻትን ያህል፣ ከዚያ አታልፊም። ያንቺዋ በጣም ወርዳለች፤ በዝግታ ይዤያት እሄዳለሁ፣ መሪ በድንገት አላዞርም።»

«ጋሼ፣ መለኪያ ሳይኖር እንዴት ያውቁታል?»

«መለኪያው ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደብቋል፣ ምን ላድርግ።»

ከቁጥቋጦው በኩል ድምፅ መጣ። «አልጨረሳችሁም?»

«ምኑን?» አለች ሲምረት ጮክ ብላ።

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ ቁጥቋጦው።

ተከስተ መኪናዋ ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን እንደተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ላንድክሩዘሯ አንድ ጊዜ ተንፏቀቀች፣ ተነሳች፣ ከጉድጓዷ ወጥታ እየተወዛወዘች ሄደች። የቀረውን አሸዋ ለታ ሮጦ ተሳፍሮ፣ አቀበት እንደወጣ ሰው እያለከለከ አለፈ።

አራት ሰዓት ከሩብ ደረሱ። ውሃው ፈሰሰ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ለታ ከረባቱን አስተካክሎ ንግግሩን አነበበ። «ጉዟችንም ያለ አንዳች እንከን ተጠናቋል» የሚል ነበረበት፤ ካዛንቺስ ሆኖ ነዋ የጻፈው። ተከስተ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ሆኖ አጨበጨበ። ከልቡ። ምክንያቱም ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሲሞሉ እያየ ነበር።

ሲመለሱ አስፋልት እስኪያገኙ ቀስ ብለው ወጡ፤ ሎጊያ እስኪደርሱም በዝግታ ነዱ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። መሬቱ ይጤሳል፣ ጎማው እጅ ያቃጥላል። ሎጊያ ያለው ጎሚስታ ሲነፋ ለታ ራሱ የሚያብረቀርቀውን መለኪያውን አውጥቶ እየዞረ ለካ። «አርባ አምስት! አርባ አምስት! በቃ፣ ተዘጋ። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።»

«አቶ ለታ፣ ይህ አየር ሞቃት ነው» አለ ተከስተ። «አዲስ አበባ ብርድ ሲያገኘው ይሰበሰባል። አርባም ላይሞላ ይችላል። መጀመሪያ ጊዜም የያዛችሁኝ በዚህ ነው።»

«አየር ይሰበሰባል? ስብሰባ አለው እንዴ?» ለታ ሳቀ። «አርባ አምስት አርባ አምስት ነው። እኔ ራሴ ለካሁት።»

አዋሽ አድረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ዝናብ ይዘንባል። ጎተራ ሲደርሱ ተከስተ ፍሬን ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት ያልሠራውን ሊሠራ ነበር። ቃሉ ከአፉ የወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው።

«አቶ ለታ፣ በቡልጋሪያ በኩል ልሂድ። ሃፍቶም የሚባል ጎሚስታ አለ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

«ለምን?»

«ጎማው እንዲስተካከል።»

«ጋሽ ተከስተ!» አለ ለታ፣ እንዳዘነ ሆኖ። «እርስዎ ሐቀኛ ሰው ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ። መገርሳ እዚያ ጎራ እንደሚል ይወራል፣ እኔ አላምንም። አሁን እርስዎ… የለም፣ የለም። ቀጥታ ወደ ቢሮ። እኔ የለካሁትን ጎማ ሃፍቶም አያርመውም።»

ቀጥታ ወደ ቢሮ ሄዱ። መኪናዋ ግቢ ገብታ በዝናብ ስትቀጠቀጥ አደረች።

በማግሥቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ገበያው ተንበረከከ። ትንፋሹ በብርዱ ይጤሳል። የፊት ቀኙን ለካ፣ መለኪያውን ነቅንቆ እንደገና ለካ። ሌሎቹንም ለካ።

«ተኬ…»

«ንገረኝ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት።» ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «በቃ እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ? ማለቴ፣ የሚናገረው መርፌው ነው። እኔ ጸሐፊው ነኝ።»

«ጻፈው» አለ ተከስተ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተከስተ ወደ ለታ ቢሮ ተጠራ። ወረቀቱ ተተይቦ አልቋል። መሳቢያው ተከፍቷል። ማኅተሙ፣ ያ በበረሃ የታጣው ማኅተም፣ ጠረጴዛው ላይ በሰላም ተቀምጧል። ለታ ቀና አላለም።

«አቶ ለታ፣ እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«ሲቀነስ፣ ሲነፋ፣ ሁሉንም…»

«ሲነፋ አይቻለሁ፤ አርባ አምስት ነበር። ስለዚህ ከሎጊያ ወዲህ የት እንደጎደለ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ሲቀነስ ደግሞ…» ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገው። «ሲቀነስ እኔ አላየሁም ጋሽ ተከስተ። ያውቃሉ። ልናፈስ ሄጄ ነበር።»

ጧ!

የተመደበበትን ቦታ ልንገርህ፣ ካልሳቅክ። በር ላይ። የገበያው ረዳት። ሥራው የጎማ አየር መለካት። በአገሪቱ ጎማን በጆሮው የሚያነብ ሰው ሲገኝ እንዲህ ነው የሚመደበው፤ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት በገመድ የታሠረች ብረት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይንበረከካል። ባለፈው ሳምንት አራተኛዋ ላንድክሩዘር ወደ አፍዴራ ስትወጣ የነዳት መገርሳ ነበር። ተከስተ ለካ። አርባ አምስት። ጎማውን አንድ ጊዜ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። «ጠጠሩ ሲያልቅ አቁምና አሥራ ስምንት አድርጋት፣ አደራ» አለው። መገርሳ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። አራት ቀን ሆነው፣ እስካሁን አልተመለሰም። አካፋ እየፈለጉ ነው አሉ።

ሲምረት ግን አልተኛችም። ማመልከቻ ጻፈች። ተከስተ የነገራትን ግመልም፣ አሸዋውንም ቁጥቋጦውንም፣ የሞቀ አየር ሲበርደው እንደሚቀንስም ከነስሌቱ አስገባችው። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ተቀብሎ ሊያየው ፈቃደኛ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፦ ደንቡ የሁለት የዓይን ምስክር ፊርማ ይጠይቃል። አንደኛው መስመር ላይ ሲምረት ፈርማለች። ተከስተ ተከሳሽ ስለሆነ አይፈርምም። ለታ አላየም። ቁጥቋጦው ፊደል አልቆጠረም። ሁለተኛው መስመር ባዶውን ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው የፊታችን ዓርብ ነው።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ዓይንህን ሳትነቅል መጥተሃል። ሲቀነስ አይተሃል፣ ሲነፋ አይተሃል፣ ጠዋት መርፌው ምን እንዳለም ሰምተሃል። ከቁጥቋጦ ጀርባ አልነበርክም። ወረቀቱ በር ላይ፣ ገበያው ጋ ነው ያለው። እባክህ፣ በዚያ በኩል ስታልፍ እስክሪብቶህን አውጥተህ ወይ ፈርም፣ ወይ ደግሞ ተከስተን ዓይን ዓይኑን እያየህ «አላየሁም» በለውና እንደ አቶ ለታ ሄደህ ተናፈስ።